ነገሩን ማን ይቁረጠው?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ የሚጓዝ መንገደኛ ከተማዋን ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ይደርሳል። ዛሬ ብዙው ሰው ቦታውን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ግን ስሙ የሚነሣው በአንድ ክርክር ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ከየአገሩ የተጠሩ ሊቃውንትና የወሎ ባላባቶች እዚያ ተሰበሰቡ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዳም ከገዳም ያለያየና ደም ያፋሰሰ የሃይማኖት ሙግት በዚያ ጉባኤ እንዲቆረጥ ታሰበ፤ ተቆረጠም። አቆራረጡ እንዴት እንደነበረ ወደ ኋላ ላይ እናየዋለን። የቦሩ ሜዳን ነገር በቅጡ ለመመዘን ግን አያቶቻችን መሟገትን እንዴት ያለ ሥራ አድርገው ይቆጥሩት እንደነበር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ክርክር፣ ሙግት፣ ጭቅጭቅ፣ ንትርክ፣ ንዝንዝ፣ አተካራ፣ እሰጥ አገባ፣ ጉንጭ አልፋ። በዕለት ንግግራችን እያቀያየርን ብንጠቀምባቸውም ሥራቸው አንድ አይደለም። ሙግት ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛ በሌለበት ሞገትኩ የሚል ሰው የለም። ጭቅጭቅ ለዳኛ ግድ የለውም፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ ከነገረኛ ጋር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው አንዳንዴ አንድ ሰውም ይበቃዋል። አተካራ የእልህ ነው፤ ንትርክ መጨረሻ የለውም፤ ጉንጭ አልፋ ከድካም በቀር ትርፍ የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ነገር» የሚባል ሰፊ ቃል አለ። የምንናገረውም ነገር ነው፤ የምንከሰስበትም ነገር ነው። ዳኛ ፊት የሚቆምልን ነገረ ፈጅ፣ ያለ ምክንያት የሚተነኩሰን ነገረኛ ይባላል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውም ተረት ቢሆን ለወግ ያህል ብቻ የተባለ አይደለም። የዳኛ ምክር ነው፤ የሰማኸውን ጩኸት ትተህ ጠቡ የተነሣበትን ጠይቅ ማለት ነው።

እንግሊዞች ባልና ሚስት ማታ ኩሽና ውስጥ የሚያደርጉትንም፣ ጠበቃ ችሎት ፊት የሚያደርገውንም፣ ፈላስፋ በመጽሐፉ የሚያደርገውንም «አርጊው» በሚል አንድ ግሥ ይጠሩታል። ግሡ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «አርጉዌሬ» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ ያ ቃል ግልጽ ማውጣት፣ ማስረዳት፣ ደግሞም መክሰስ ማለት ነበር። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ከብር ስም ጋር አንድ ሥር እንዳለው ይናገራሉ፤ የሚያብለጨልጭ፣ የነጣ፣ የጠራ ማለት ነው። «ዲቤት» የሚሉት ሌላው ቃላቸው ግን ከድሮ ፈረንሳይኛ የወረሱት ነው፤ ሥሩም መምታት፣ መትቶ መጣል ነው። እውነቱን ማጥራትና ባላንጣን መጣል በአንድ ቋንቋ ቤት አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። የኛ ሰው ዳኛ ያለውንና የሌለውን ለያይቶ ስም ማውጣቱ የተሻለ ይመስለኛል። ክርክር ከጭቅጭቅ የሚለየው በድምፅ ማነስ ወይም በቃል ማማር እንዳልሆነ፣ ልዩነቱ ነገሩን ማን እንደሚቆርጠው ሁለቱም አስቀድመው መስማማታቸው እንደሆነ፣ ስያሜው ራሱ ያሳየናል።

ይህን በገሃድ ያሳይ የነበረው የድሮው ችሎት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣሉ እንበል። አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። በሕግ አምላክ ተብሎ አልፎ የሄደ ሰው ከባላንጣው አልፎ ንጉሡን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚያልፍ ሰው ይለመናል፤ መንገደኛው ከዛፍ ጥላ ወይም ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳኛ ይሆናል። ሹመት የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ሥልጣኑ ሁለቱ ሰዎች ዳኘን ማለታቸው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ችሎት የሚሄዱበት ጊዜም ነበር። አንዱ ጠፍቶ ሌላው እንዳይቀር መላ ነበር፤ ለተመልካችም የሚያስቅ ትዕይንት ሳይሆን አልቀረም፤ ሊተያዩ የማይፈልጉ ሰዎች በአንድ እርምጃ ሲራመዱ።

የመንገዱ ዳኛ ያልቆረጠው ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጭቃ ሹሙ ወደ ምስለኔው፣ ከምስለኔው ወደ አገረ ገዥው፣ ከዚያ ወንበር ወደሚባሉት ዳኞች፣ ከወንበሮቹ ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ከፍተኛ ዳኛ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበር።

ሙግቱ ራሱ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሌለው ሰው ቃሉ አይደመጥም። ከዚያ ከሳሽ ተጠየቅ ይላል፤ ተከሳሽም አምኖ ወይም ክዶ መልስ ይሰጣል። ይህ አምኖ ወይም ክዶ መቆም ዛሬም አልጠፋም፤ በወንጀል ችሎት ተከሳሹ የሚሰጠው ቃል የእምነት ክህደት ቃል ይባላል። ቀጥሎ «በላ ልበልሃ» ይመጣል። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየተራመደ በግጥም፣ በተረት፣ በሰምና ወርቅ ባላንጣውን ይወጋል። ኩታ አለባበስ ራሱ ቋንቋ ነበር፤ ለዳኛ ክብር ዝቅ የሚደረግበት፣ ለድፍረት ትከሻ ላይ የሚወረወርበት መንገድ ነበረው። ነገር ዐዋቂ የተባለ ሰው ሲሟገት የገበያ ሰው ገበያውን ትቶ ይሰማው ነበር።

በመካከሉ ውርርድ አለ። አንዱ ተሟጋች በቃሉ እርግጠኛ ሲሆን «ማር አግባ» ይላል፤ ነገሩ ሲግል ወደ በቅሎ፣ ወደ ፈረስ ይወጣል። የተረታው ያንን ለዳኛው ይከፍላል። ዛሬ ስንሰማው ቁማር ይመስለናል፤ ግን ሥራው ሌላ ነበር። ባዶ ክስ የያዘ ሰው በቅሎ አግባ ሲባል ድምፁ ይቀንሳል። አሁን በፍርድ ቤት በገንዘቡ ልክ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያም ከሚሠራው ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ ለከንቱ ጭቅጭቅ የምንሰጠው «እሰጥ አገባ» የሚለው ስምም ከዚያ ውርርድ የተረፈ ቃል ነው ቢባል አይገርመኝም።

ፍርዱ ሲሰጥ ደግሞ አንድ ብልህ ልማድ ነበረ። በትልልቅ ችሎቶች ከተቀመጡት ሰዎች አስተያየት የሚጠየቀው ከታናሹ ጀምሮ ነው፤ ታላቁ መጨረሻ ይናገራል። ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ ከዚያ ውጭ ምን ይላል? በዘመናችን ስብሰባ አለቃው መግቢያ ንግግር አድርጎ ከጨረሰ በኋላ «ሐሳብ ያላችሁ» የሚባለውን ለለመደ ሰው ይህ ሥርዓት ያስቀናል።

የድሮውን ችሎት ያለ ነቀፌታ ማድነቅ ግን ልክ አይሆንም። አንደበት ያልሰላለት ሰው እውነት ይዞ ይረታ ነበር። ዓይነ አፋር ሴት፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ የወሎ ኦሮሞ ወይም አርጎባ፣ ለዋስ የሚሆን ዘመድ የሌለው መጻተኛ በዚያ ሜዳ ላይ እኩል አይቆሙም። ዳኛውም ከውርርዱ ተጠቃሚ ስለ ነበረ ነገር ሲካረር አይከፋውም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ መደበኛ ፍርድ ቤቶችን ሲያደራጅ፣ ኋላም በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ፣ ሙግት ከአፍ ወደ ወረቀት ተሻገረ። የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ የማስረጃ ዝርዝር። ግጥሙ ቀረ። ከግጥሙ ጋር የቀረ ሌላም ነገር አለ፤ ተራው ሰው ነገር ሲሟገት እያየ የሚማርበት አደባባይ።

አሁን ወደ ቦሩ ሜዳ እንመለስ። የሙግቱ ጥያቄ ክርስቶስ «ተቀባ» መባሉ ምን ማለት ነው የሚል ነበር። በጥቂት መስመር መጻፉ ዕድሜያቸውን ለሰጡት ሊቃውንት ግፍ ቢሆንም እንዲህ ሊባል ይችላል። ቅባት የሚባሉት ወገኖች ወልድ በሥጋው የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው ይላሉ። ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የሚባሉት ከአብ ከተወለደው ልደትና ከድንግል ማርያም ከተወለደው ልደት ሌላ፣ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ የጸጋ ልደት አለው ይላሉ። ተዋሕዶዎቹ ደግሞ ልደቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወልድ ራሱ ቅብ ነው፤ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው ይላሉ። ሦስተኛውን ልደት ስለ ቆረጡ ባላንጣዎቻቸው «ካራ» የሚል ስም አወጡላቸው።

ነገሩ መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጉባኤ ቤት ባለቀ ነበር። ግን እያንዳንዱ ትምህርት አገር ነበረው። ቅባት በጎጃም ሥር ሰድዷል፤ ጸጋ በሸዋ ቤተ መንግሥትና በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ጠንክሮ ቆይቷል፤ ካራ ይበልጥ የትግራይ ነበር። ስለዚህ ስለ ቅባቱ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ከኋላው ማን ነው የሚገዛው የሚል ሌላ ጥያቄ ይጎትት ነበር። ከጉባኤው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1870 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው የንጉሠ ነገሥትነት ጥያቄያቸውን ትተዋል፤ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጽድቀውላቸዋል። ቦሩ ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ነገሥታት እንግዲህ በእኩል አልተቀመጡም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አልነበረም። አቡነ አትናቴዎስ ከጉባኤው ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ዐርፈዋል፤ ከእስክንድርያ አራት ጳጳሳት፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ፣ የመጡት ከጉባኤው በኋላ በ1874 ዓ.ም. ነው። ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው፤ እሳቸውም የትኛው ወገን እንደሆኑ አገር ያውቃል። ሊቃውንቱ ተናገሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣ የፓትርያርክ ደብዳቤም ተነበበ፤ ፍርዱም ለተዋሕዶ ሆነ። ቅባትና ጸጋ ተወገዙ፤ ትምህርታቸውን የያዙ ሁሉ በተወሰነላቸው ጊዜ እንዲመለሱ ታዘዘ።

ይህ ክርክር ነበር ወይስ ክርክር የመሰለ ዐዋጅ? ሁለቱም ይመስለኛል። ሊቃውንቱ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ጥቅስ ተጠቅሷል፤ የደከመ የመሰለ መልስ ተነቅፏል። በዚህ በኩል ሲታይ ሙግት ነው። ዳኛው ግን ከተሟጋቾቹ በአንደኛው ወገን ቆሟል። ለመንገዱ ዳኛ ሥልጣን የሰጠው የተሟጋቾቹ ፈቃድ ሲሆን፣ እዚህ ሥልጣኑ ከሠራዊቱ ነው። ውጤቱ ስላልጸና ግን አይደለም ይህን የምለው። ለቤተ ክርስቲያኗ ይፋ ትምህርት ሆኖ እስከ ዛሬ የዘለቀው በዚያ ቀን የተቆረጠው ነው፤ ከዚያም ወዲህ በጉዳዩ ላይ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጉባኤ አልተጠራም። የጸጋው ወገን እንደ ድርጅት ከስሟል። የቅባት ስም ግን በምሥራቅ ጎጃም ጨርሶ አልጠፋም።

ፍርዱ ከክርስቲያኑ ክርክር አልፎ ሄደ። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ቀነ ገደብ ወጣ። ከወሎ ባላባቶች ኢማም መሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበን ምኒልክ ክርስትና አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ራስ ሚካኤል ደሴን መናገሻ አድርገው፣ አይጠየፍ አዳራሽን ሠርተው፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ እስከ መባል ደረሱ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን ዙፋን ወረሰ። እንደ እሳቸው ያልሆኑም ነበሩ። ሸኽ ጠልሃ ተከታዮቻቸውን ይዘው ዐመፁ፤ ብዙ ቤተሰብም ተሰደደ። በዘመኑ በአገሩ የነበሩት ጣሊያናዊው የካቶሊክ ጳጳስ አባ ማስያስ የተጠመቁ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ይሄዱ እንደነበር ጽፈዋል። ማንም ተከራክሮ አላሳመናቸውም፤ ቀን ተቆረጠላቸው እንጂ። በወሎ ቤት ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ተቀላቅሎ መገኘቱን ሁሉ በዚያ ዐዋጅ ማመካኘት ግን ስሕተት ነው፤ መጋባቱና መዋለዱ ከዚያ በፊትም ነበረ።

ከዚሁ አገር የወጣ ሌላ ዓይነት የክርክር ትምህርት ቤትም አለ፤ ነገር ለመቁረጥ የማይቸኩል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ሐይቅ እስጢፋኖስን ትልቅ የትምህርት ገዳም አድርገውታል። በደቡብ ወሎዋ ጋስጫ ስም የሚጠሩት አባ ጊዮርጊስ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፉት «መጽሐፈ ምስጢር» ከዳር እስከ ዳር ሙግት ነው፤ መናፍቃን የሚሏቸውን አንድ በአንድ ጠርቶ መልስ የሚሰጥ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የአንድምታ ትርጓሜ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። መምህሩ አንዱን ጥቅስ ተርጉሞ «አንድም» ይልና ሌላ ትርጉም ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ከሃይማኖት መሠረት እስካልወጣ ድረስ የተለያየው ሐሳብ ተሰልፎ ይቀመጣል፤ ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ከቦሩ ሜዳ አጠገብ በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ የዚህ ትምህርት ሰው ነበሩ፤ ደሴ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ።

በኮምቦልቻ በኩል በቃሉ ምድር ደግሞ የ19ኛው መቶ ዓመቱ ሐጂ ቡሽራ የመሠረቱት ጌታ የሚባል ቦታ አለ፤ ከወሎ የእስልምና ትምህርትና የዝያራ ማዕከላት ከታወቁት አንዱ። በእስልምና ትምህርት በዐሊሞች መካከል ሥርዓት ያለው ክርክር ሙናዘራ ይባላል፤ የራሱ ኪታቦች ያሉት ዕውቀት ነው። ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ባለ ሐሳብ፣ ሌላው ጠያቂ ይሆናል። ማስረጃ የማምጣት ሸክም ያለው ባለ ሐሳቡ ላይ ነው፤ ጠያቂው የራሱን ሐሳብ እንዲያቆም አይገደድም፤ የሌላውን መሠረት እስኪናድ ወይም መልሱ እስኪያጠግበው ይጠይቃል። ባለ ሐሳቡ መልስ ሲያጣ ወይም ጠያቂው መጠየቂያ ሲያጣ ክርክሩ አበቃ። ይህን ከድሮው ተጠየቅ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መመሳሰሉ ይታየዋል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይጮኹም።

ደሴ ከወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤትም አንድ ክርክር ልካለች። የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ አጭር ነው። ይኸው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ የሚያደንቁትና የሚረግሙት ሲሟገቱበት ኖረዋል። ያ ሙግት እስከ ዛሬ ያላለቀበት ምክንያት የጽሑፉ ጥልቀት ወይም ስሕተት አይመስለኝም። ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ታሪክ ጸሐፊው ይሁን፣ ድምፅ ሰጪው ይሁን፣ ጠመንጃ ያዡ ይሁን፣ ተከራካሪዎቹ አልተስማሙበትም።

ወሎ የታወቀበት ግን ሌላ ጥበብ ነው፤ አሸናፊ ሳይኖር ክርክርን ማስቆም። ደም በፈሰሰበት ጉዳይ ሽማግሌዎች፣ በአንዳንድ አካባቢ በዘር የሚወርሱት አበጋሮች፣ በመሐል ይገባሉ። አካሄዱ የችሎቱ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። ባላንጦቹ መጀመሪያ አይገናኙም። ሽማግሌው ይመላለሳል፤ የሟች ወገን የሚናገረውን መራራ ቃል እንዳለ አያደርስም፤ አለስልሶ ያደርሳል። በችሎት ቢሆን ይህ ምስክርነትን ማዛባት ነው፤ እዚህ ግን የሥራው ዋና ነገር ነው። ሸኹም ቄሱም በአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ካሳው ከተቆረጠ በኋላ ይታረዳል፤ አብሮ ይበላል፤ መሐላው ይፈጸማል፤ ዱዓና ምርቃት ይከተላል። ደም ማድረቅ የሚሉት ይህን ነው። የወንጀሉን ጉዳይ መንግሥት በራሱ መንገድ ይጨርሳል፤ ሽማግሌዎቹ የሚጨርሱት ፍርድ ቤት የማይደርስበትን፣ የሟች ወንድም ነገ ጠዋት መንገድ ላይ ከገዳይ ልጅ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ማለፍ ልክ አይደለም። አሸናፊ የሌለበት እርቅ ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ተይ፣ ለልጆችሽ ስትይ» ተብላ ስትመለስ፣ ነገሩ የበረደው ለሰፈሩ እንጂ ለእሷ አይደለም። ሙግት ጠንካራ ጎኑ ደካማው ወገን ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ የሚል ቃል በአደባባይ የሚሰማበት መሆኑ ነው፤ እርቅ ያንን ቃል አይሰጥም።

ሕጉም ለሁለቱ መንገዶች ቦታ ሰጥቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ይናገራል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በዚህ መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ፣ የኒካሕና የፍች ጉዳዮችን ያያሉ። አንደኛው ወገን አልፈቅድም ካለ ነገሩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች አንድ ውርስ በሚካፈሉበት በወሎ ይህች የፈቃድ ጉዳይ የወረቀት ላይ ነገር ብቻ አይደለችም፤ ከርስቱ ክፍፍል በፊት የሚነሣው ጥያቄ የት ሄደን እንካፈል የሚለው ነውና።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ተሟጋች ያገኛል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማዋን የሠራተኛ ከተማ አድርገዋታል። እዚህ ያለው ሙግት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ስንብት ነው፤ ሥርዓቱን የያዘውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ክርክሩን ለሁለት ይከፍለዋል። አንድ ሰው ያለ አግባብ ተባረርኩ ቢል የግል የሥራ ክርክር ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሠራተኞች በጋራ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ወይም ስለ ሥራ ሁኔታ ቢጠይቁ የወል የሥራ ክርክር ነው፤ መጀመሪያ አስማሚ ይመደብለታል፤ አስማሚው ካልቻለ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይወጣል። አስማሚው የሽማግሌ ሥራ ይሠራል፤ ቦርዱ የዳኛ። ሥራ ማቆም የፈለገ የሠራተኛ ማኅበርም ብድግ ብሎ አያቆምም፤ 10 ቀን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ትልቁ አደጋ በክርክሩ መረታት አይደለም፤ ቀኑ ማለፉ ነው። ያለ አግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄውን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ «ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ አለቃው ያስብበታል ብሎኛል» እያለ ሲጠብቅ የከረመ ሠራተኛ፣ ክስ ሊከፍት ሲሄድ፣ በነገሩ ማንም ሳያናግረው መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። በሽምግልናው በኩል እየተመላለሰ እያለ እንኳ ክሱን በጊዜው ማስመዝገብ ይችላል፤ ከታረቁ መዝገቡን ማዘጋት አያስቸግርም።